ዘፈኑ ሌላ፣ ክሊፑ ሌላ፦ ጎጃም ላይ ክሊፕ ስትሠሩ የማትደግሟቸው ስህተቶች

ክሊፕ ሊሠሩ ያሰቡ ልጆች ሲደውሉልኝ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ሎኬሽን የት ይሻለናል?» ነው። ኧረ ዘፈኑን መጀመሪያ አሰሙኝ! ከሁሉ የሚያናድደኝ ስህተት ይሄ ስለሆነ እሱን ላስቀድም።

ጎጃም ሲባል ለሁሉም የሚታየው ጢስ ዓባይ ነው። የፍቅሩም፣ የናፍቆቱም፣ የሽለላውም ክሊፕ እዚያው ይቀረጻል። ድሮን ይነሣል፣ ዘፋኙ አፋፍ ላይ ቆሞ እጁን ይዘረጋል፣ በቃ። ፏፏቴ ግን ጉልበት አለው። ለቀረርቶና ለፉከራ ያምራል፤ በትዝታ ቅኝት ቀስ ብሎ የሚያንጎራጉረውን ሰው ግን ይውጠዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ዘፈን ጣና ላይ በጠዋት የሚቀዝፍ አንድ ባለ ታንኳ ይበቃል። ወይ እንጅባራ አጠገብ ዘንገና ሐይቅ ሂዱ፤ ዙሪያው ደን ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ፊት ላይ ጊዜ ወስዳችሁ መቅረጽ ትችላላችሁ።

ወቅቱንም እዩ። ጢስ ዓባይ ግርማው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው። በበጋ ውኃው ይቀንሳል፣ ለኃይል ማመንጫውም ይጠለፋል። አንድ ቡድን መጋቢት ላይ ካሜራ ተከራይቶ መጥቶ ከድንጋዩ ጋር ተፋጦ ሲቀር አይቻለሁ፤ በጣም አሳዘኑኝ። ለእንቁጣጣሽ የሚለቀቅ ክሊፕ ላይ አደይ አበባ ካማራችሁ ደግሞ ከዓመት በፊት መስከረም ላይ ቅረጹ። ነሐሴ ላይ ብትሮጡ አታገኙትም።

ሁለተኛው ስህተት የግጥሙን ሰም ብቻ ቀርጾ ወርቁን መተው ነው። እነ ዋሸራና ዲማን የመሰሉ የቅኔ ትምህርት ቤቶች ያሉበት፣ የቅኔ አገር ላይ ቆሞ እንዲህ ማድረግ ያስቆጫል። ግጥሙ «ወንዙ ሞልቶብኝ» ሲል ወንዝ፣ «ልቤ» ሲል ደረት መያዝ። ወርቁ እኮ የልጅቷ ቤተሰብ እምቢ ማለቱ ሊሆን ይችላል። እንግዲያው የተላኩትን ሽማግሌዎች አሳዩን፤ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፣ ሳይነጋገሩ፣ ከግቢው ሲወጡ። ወንዙን ዘፈኑ ራሱ ነግሮናል። ካልገባችሁ ገጣሚውን ጠይቁት፣ ነውር የለውም።

አለባበስ። አንድ የሠርግ ዘፈን ስንቀርጽ አንዷ አጃቢ ነጠላዋን ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ እንደ ለቀስተኛ ለብሳለች። ከእኛ ማንም ልብ አላለም። ቆመው የሚያዩ አንዲት እናት ጠጋ ብለው «ምነው ልጄ፣ ማን ሞተብሽ?» አሏት። ቀረጻው ቆመ፣ ነጠላው ተስተካከለ። እሳቸው ባይኖሩ ያ ክሊፕ እንዲሁ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ከቀረጻው በፊት ልብሱን ለአንድ የአገሬው ትልቅ ሰው አሳዩ።

ስሎው ሞሽን ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። በሴኮንድ 50 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ቀርጻችሁ በ25 ስታሳዩ ምስሉ በግማሽ ይዘገያል። የዘፋኙ አፍ ከዘፈኑ ጋር እንዲገጥም ከፈለጋችሁ ቀረጻው ላይ ዘፈኑ በእጥፍ ፍጥነት ተከፍቶ እሱም በዚያው ፍጥነት ማለት አለበት። ይሄ ልምምድ ይፈልጋል፣ ዋዜማውን ያጥናው። ቦታው ላይ በድንገት «ፍጠን» ብትሉት ይደናገራል፣ ስሜቱም ይጠፋል፤ ከዚያ ኤዲተሩ ላይ መጮኽ ዋጋ የለውም።

ቀትር ላይ አትቅረጹ፣ ዓይን ሥር ጥላ ይጥላል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊትና ከ10 ሰዓት በኋላ ሥሩ። ጮቄ ተራራ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው፣ ይበርዳል፤ ተወዛዋዦቹን በስስ ልብስ ይዛችሁ ወጥታችሁ ፈገግ በሉ አትበሏቸው። ያለ ፈቃድ ድሮን ማንሣት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

እስክስታውን አትቆራርጡት! ትከሻው ከከበሮው ጋር ሲመታ ነው ደስ የሚለው። በየሴኮንዱ ምስል ከቀያየራችሁ ምቱ ይጠፋል፣ ስሎው ሞሽን ካደረጋችሁትም ጭራሽ ይሞታል። ከወገብ በላይ ያዙ፣ ትከሻና ፊት አንድ ላይ ይታዩ፣ ካሜራውን አታንቀሳቅሱት፣ ተወዛዋዡ ትንፋሹን እስኪስብ ድረስም አትቁረጡ።