በብርሃን የሚዋቀር ቺፕ ሲያስቸግር፦ ምልክት፣ ምክንያትና መፍትሄ

በብርሃን የሚዋቀር ቺፕ ከተለመደው ኤፍፒጂኤ (ከተመረተ በኋላ ሰርኪዩቱ እንደገና ሊቀየር ከሚችል ቺፕ) የሚለየው ውቅሩን፣ ማለትም ሰርኪዩቱን የሚወስነውን መረጃ፣ በሽቦ ተራ በተራ ሳይሆን በአንድ ጊዜ በብርሃን በመቀበሉ ነው፤ ለእያንዳንዱ ውቅር ከተመደቡት ሌዘሮች የተመረጠው ሲበራ ሆሎግራሙ (ንድፎቹ በብርሃን የተቀረጹበት ሳህን) የሰርኪዩቱን ንድፍ በቺፑ ገጽ ላይ ይጥላል፣ በዚያ የተደረደሩት ፎቶዳዮዶችም (ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ጥቃቅን ክፍሎች) እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቢት ያነባሉ። ስለዚህ ቺፑን ከመንቀል በፊት ብርሃኑን መመርመር ይቀድማል፤ ይልቁንም እንደ ቱሉ ዲምቱና ቂሊንጦ ባሉ የአዲስ አበባ ዳርቻዎች፣ አቧራውና የከባድ መኪናው ንዝረት በማያባራበት ስፍራ።

ምልክት፦ የትኛውም ውቅር ቢጫን ያው አንድ ቢት ይሳሳታል።
ብዙ ሰው ሆሎግራሙን ይጠረጥራል፤ ጥርጣሬው ግን አያስኬድም። የእያንዳንዱ ቢት መረጃ በሆሎግራሙ ስፋት ሁሉ ተሰራጭቶ ስለሚቀመጥ፣ በላዩ ያረፈ አቧራ ወይም ጭረት የሁሉንም ነጥቦች ብርሃን በጥቂቱ ያደበዝዛል እንጂ አንዱን ለይቶ አያጠፋም (ዘዴው ጨረር ለሚበዛበት የጠፈር ሥራ የሚታሰበውም በከፊል በዚሁ ጠባዩ ነው)። ጥፋቱ ያለው በቺፑ ገጽ ላይ ነው፤ ፎቶዳዮዱ በማይክሮሜትር የሚለካ በመሆኑ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ትሸፍነዋለች። በደረቅ አየር እፍ ማለት ይበቃል፤ በጨርቅ መጥረግ ግን ገጹን ይቧጭራል። ካልተስተካከለ ፎቶዳዮዱ ሞቷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሰርኪዩቱን ያንን ቦታ እንዲያልፍ አድርጎ ነድፎ አዲስ ሆሎግራም መቅረጽ ይቻላል።

ምልክት፦ አንዱ ውቅር ብቻ አይጫንም።
የዚያ ውቅር ሌዘር ደክሟል፤ ኃይሉን ለክቶ መቀየር ነው።

ምልክት፦ ጠዋት የሠራው ቺፕ እኩለ ቀን ላይ በዳር ዳር ይሳሳታል።
ሌዘር ዳዮድ ሲሞቅ የሞገዱ ርዝመት ይጨምራል፣ በሆሎግራሙ የሚታጠፍበት ማዕዘንም አብሮ ይሰፋል፤ በዚህም ነጥቦቹ ከመሃል እየራቁ ከፎቶዳዮዶቹ ይስታሉ። በበጋ ማለዳው ብርድ ሆኖ ቀትር ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ በሚግልበት ክፍል ይህ የሚጠበቅ ነው። ሌዘሩን በሙቀት መቆጣጠሪያ አንድ ዲግሪ ላይ ማጽናት እንጂ መስተዋቱን በየቀኑ ማነካካት መፍትሄ አይሆንም።

ምልክት፦ ውቅሩ በትክክል ተጭኖ ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል።
ይህ የሚታየው ውቅሩን በተለየ የማከማቻ ሰርኪዩት ሳይሆን በፎቶዳዮዱ ውስጥ ባለ የኤሌክትሪክ ቻርጅ በሚይዙት ቺፖች ላይ ነው። ቻርጁ በተፈጥሮው ይፈሳል፤ ሙቀትና ከመስኮት የሚገባ ብርሃን ደግሞ ያፋጥኑታል። በጥቁር ክዳን መሸፈንና ውቅሩን በየጊዜው መልሶ ማብራት ያስፈልጋል።

ምልክት፦ አዲስ የተቀረጸ ሆሎግራም ገና ከጅምሩ ደብዛዛ ነው።
በሂሊየም ኒዮን ሌዘር የምትቀርጹ ከሆነ የብርሃኑ ሞገድ 632.8 ናኖሜትር ነው፤ በቀረጻው ጊዜ ጠረጴዛው የዚህን ጥቂት ክፍልፋይ ያህል እንኳ ቢንቀሳቀስ በሆሎግራሙ ላይ የሚቀረጹት ደቃቅ የብርሃንና የጨለማ መስመሮች ይደባለቃሉ። አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና በደጅ ሲያልፍ የሻይ ብርጭቆ የሚንቀጠቀጥበት ቤት ከሆነ፣ ከባድ የድንጋይ ጠፍጣፋ በከፊል በተነፋ የጎማ የውስጥ ላስቲክ ላይ አስቀምጡ፤ ሌሊት ቅረጹ፤ ዕቃውን ካስተካከላችሁ በኋላም ሌዘሩን ከመክፈታችሁ በፊት ሁሉም እስኪረጋ ጠብቁ።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቺፑ ባዶ መሆኑ ብልሽት አይደለም፤ ሆሎግራሙ ያለ ኤሌክትሪክ ይዘቱን ይጠብቃል። ቮልቴጁ ሲረጋጋ መጀመሪያ ቺፑን፣ ቀጥሎ ሌዘሩን አብሩ።