ዲኤክሳችሁ ቤንዚን ሲያበዛ ከካርቡራተሩ በፊት ካንዴላውን ፍቱ

ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ያለው አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ «ቤንዚን በላ» ሲባል ብዙ ሰው ቀጥታ ካርቡራተሩን ያስፈታል። እባካችሁ አትቸኩሉ። እኔ የምጀምረው ከጭሱ ነው። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ሰማያዊ ከሆነ የሚነደው ዘይት ነው፤ እሱ ሌላ በሽታ ነው።

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አራቱንም ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ፍቱና በየሲሊንደራቸው ተራ ደርድሯቸው። ጤነኛው ጫፉ ፈካ ያለ ቡናማ ነው። ቤንዚን የበዛበት ደረቅ ጥላሸት ለብሷል፤ ሲነኩት እንደ ድስት ቂጥ ጣት ያጠቁራል። አንዱ ብቻ ከጠቆረ ካርቡራተሩን ተዉት፤ የዚያን ሲሊንደር ካንዴላና ገመድ ፈትሹ። አራቱም ከጠቆሩ የአየር ማጣሪያውን አውጥታችሁ በብርሃን እዩት። ብርሃን ካላሳለፈ ቀይሩት። ቾኩም (ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ አየር የሚቀንሰው ክዳን) ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን አረጋግጡ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ስስ ነው። ዝቅ ባለችው ድሬዳዋ የተስተካከለ ካርቡራተር ሸገር ሲገባ ቤንዚን ያበዛል፤ እዚሁ እንደገና ይስተካከል።

በመጨረሻ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አሽትቱ። ቤንዚን ቤንዚን ካለ፣ ቤንዚኑ ወደ ዘይቱ የሚያልፍበት ቦታ ሳይገኝና ዘይቱ ሳይቀየር መኪናዋን አትንዱ። የቀጠነው ዘይት ሞተሩን ውስጥ ለውስጥ ይጨርሰዋል።