«መቀነቴን ፈታችሁ ሰረቃችሁኝ» ለሚሉ እናት እንዴት መልስ ይሰጣል?

ያረጁ እናት ከመቀነታቸው የቋጠሩት ብር ጠፋባቸው፤ «ምራቴ ወሰደችው» አሉ። ብሩ ከጎተራ ሥር ተገኝቶ ቢሰጣቸውም «ስነቃባት መለሰችው» ይላሉ። ማስረጃ የማይነቀንቀው እንዲህ ያለ የተሳሳተ እምነት በሕክምናው ዲሉዥን ይባላል። ክፋት አይደለም፤ የእርጅና ንጭንጭም አይደለም።

1. ከሁሉ በፊት ሌባ አለመግባቱን አጣሩ። አቅመ ደካማ እውነትም ይሰረቃል።

2. መቼ እንደጀመራቸው አስታውሱ። በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት መጥቶ፣ አንዴ እየተሻላቸው አንዴ እየባሰ የሚያፈዛቸው ከሆነ ዲሊሪየም (ከአካል ሕመም የሚመጣ ድንገተኛ የአእምሮ መዛባት) ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የሰውነት ውሃ ማነስ፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ያመጡታል። ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ካተኮሰው ወባ ሳይመረመር «አእምሮው ታወከ» አይባል። በወራትና በዓመታት ከመርሳት ጋር እየገፋ የመጣ ከሆነ ግን እንደ አልዛይመር ያለ የመርሳት በሽታ ይጠረጠራል።

3. አትከራከሩ። ቤተሰብ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። እናት ብሩን ራሳቸው ደብቀውታል፤ መደበቃቸው ግን ከአእምሯቸው አልተቀመጠም። ብሩ ከቦታው የለም፣ እሳቸው አላነሱትም፤ ስለዚህ ሰው ወስዶታል። በእሳቸው ዘንድ ሒሳቡ የተሟላ ነው። «በማርያም አልወሰድኩም» ብሎ መማልም ሆነ ሽማግሌ ጠርቶ መዳኘት የሚያተርፈው ድንጋጤ ብቻ ነው፤ ክርክሩ ይረሳል፣ ቅያሜው ይቀራል። «አዎ፣ ሌባ ገብቶ ነበር» ማለትም ይጎዳል፤ ሌሊቱን በር ሲጠብቁ ያድራሉ።

መልሱ ለፍርሃታቸው ይሁን፦ «እማማ፣ ቆጥበው ያኖሩት ሲጠፋ እንዴት አያስደነግጥ! ይነሱ፣ አብረን እንፈልግ።» ፍለጋውን የተጠረጠረችው ምራት አትምራው። ሙዳዩን፣ ትራሱን፣ የጋቢውን እጥፋት፣ እህሉን እዩ፤ መደበቂያቸው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ብሩን እጃቸው ያግኘው፤ «አላልኩዎትም?» አትበሉ፣ ቡና አፍሉ። ለሌላ ቀን እንዲሆን የመቀነቱን አምሳያ ገዝታችሁ ጥቂት ዝርዝር ብር ቋጥሩበት።

ይህ ዘዴ ለሚረሳ ሰው ነው። «ይከታተሉኛል» ለሚል ወጣት ጠላቱን አብሮ መፈለግ እምነቱን ያጠነክርበታል። ለሱ «እኔ አላየሁም፤ መፍራትህ ግን ይገባኛል» በሉት፤ ስኪዞፍሬኒያ የተባለው የአእምሮ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሳይቆይ ይመርመር።

4. «ይህ ባሌ አይደለም፣ መልኩን የወሰደ ነው» ካሉ፣ ይህ እ.ኤ.አ. በ1923 በገለጸው ፈረንሳዊ ሐኪም ስም ካፕግራ የሚባለው ነው። ዓይን ፊቱን ያውቃል፣ ልብ ግን የለመደው ስሜት አይመጣለትም። ድምፅን መለየት ብዙ ጊዜ ስለማይነካ ባል ወደ ውጭ ወጥቶ፣ ከደጅ እየተጣራና እያወራ ይግባ።

5. ጥላ ሰው እንዳይመስላቸው መብራቱን አስተካክሉ፤ አጥርተው እንዲያዩና እንዲሰሙም ዓይንና ጆሯቸውን አስመርምሩ።

6. ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ያዙ። የሌሉ ልጆች ወይም እንስሳት አጥርተው የሚያዩ፣ ሰውነታቸውም የሚገትር ወይም እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሃሎፐሪዶል የተባለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት ተናገሩ፤ ሌዊ ቦዲ የተባለው የመርሳት በሽታ ከሆነ መድኃኒቱ ሰውነታቸውን ክፉኛ ሊያገትርና ለሞት ሊያደርስ ይችላል። በሌላውም የመርሳት በሽታ የዚህ ዓይነት መድኃኒት የስትሮክና የሞት አደጋ ስለሚጨምር በትንሹ፣ ለአጭር ጊዜ ነው የሚሰጠው። ለልጅ የታዘዘውን ለእናት መስጠት ፈጽሞ አይገባም። ጠበል መጠመቅና መድኃኒት መዋጥ አብረው ይሄዳሉ፤ መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥና ሰው ማሰር ግን ጉዳት ነው።

7. ቤት ውስጥ ጠመንጃ ካለ ዛሬውኑ ጥይቱ ተለይቶ ዘመድ ቤት ይቀመጥ፤ መጥረቢያና ማጭድም ከዓይን ይራቁ።