ወጣት ተመራማሪዎችን ስለ ሥነ ምግባር ስናሠለጥን የምንሠራቸው ስህተቶች

አብዛኛው ወጣት ተመራማሪ ላጭበርብር ብሎ አይነሳም። የቴሲስ ማስረከቢያው ቀን ይደርስበታል። አማካሪው ስልክ አያነሳም። የመስክ አበሉ አልቋል፣ መጠይቁ ግን ገና አልሞላም። እዚህ ሰዓት ላይ የሚያደርገው ከዚያ በፊት ሲደረግ ያየውን ነው። ሥልጠናችን እዚህ ሰዓት ድረስ አብሮት ካልሄደ ብዙ አልጠቀመውም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለአማካሪዎች፣ ለላብራቶሪ ኃላፊዎችና ሥልጠና ለሚያዘጋጁ ሰዎች ነው።

በአንድ ቀን ሥልጠና ሰርተፍኬት ሰጥቶ መገላገል

ጠዋት ፓወር ፖይንት፣ ከሰዓት ፈተና፣ ማታ ሰርተፍኬት። ወረቀቱ ከፕሮፖዛሉ ጋር ይያያዛል፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩን የሚያነሳው የለም። የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ተቋም (ኤንአይኤች) በሥልጠና ገንዘቡ ለሚደግፋቸው ወጣት ተመራማሪዎች ከ2010 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያስቀመጠው መመሪያ ከዚህ ይለያል። ቢያንስ 8 ሰዓት ፊት ለፊት ውይይት ይፈልጋል። በእያንዳንዱ የሙያ ደረጃ፣ ቢዘገይ በ4 ዓመት አንዴ፣ እንዲደገም ያዛል። የኦንላይን ኮርስ ብቻውን አይበቃም ይላል። ነባር መምህራን ራሳቸው እንዲያስተምሩም ያበረታታል። ለእኔ ትልቁ ነጥብ ይሄ የመጨረሻው ነው። ተማሪው ከእንግዳ አሠልጣኝ ከሚሰማው ይልቅ አማካሪው ሲያደርግ የሚያየው ውስጡ ይቀራል።

ኤቲካል ክሊራንስ ከተገኘ ሥነ ምግባሩ እንዳለቀ መቁጠር

የሥነ ምግባር ኮሚቴው ደብዳቤ ፈቃድ ነው። ሥራው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ፣ መስክ ላይ ነው። ተማሪው ገጠር ሲወርድ መንገድ የሚያሳየው የቀበሌ ሰው ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነው። የቤቱ ባለቤት የመጣውን ሁሉ ከመንግሥት እንደተላከ ሊቆጥር ይችላል። «አልፈልግም ብል ነገ ማዳበሪያ ወይም እርዳታ ይቀርብኝ ይሆን?» ብሎ ይሰጋል፤ ስጋቱን ግን አፍ አውጥቶ አይናገርም። ቅጹ ላይ የጣት አሻራውን አኖረ ማለት ወዶ ተስማማ ማለት አይደለም። ተማሪዎች ይህን ከቅጽ ላይ አይማሩትም። አብሯቸው መስክ የወረደ ሰው ሊያሳያቸው ይገባል።

ወላይታ ላይ የተሠራው የፖዶኮኒዮሲስ ጥናት ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። በሽታው በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ የእግር እብጠት ነው። ለምን አንዳንዱን ይዞ ሌላውን እንደሚተው ለማወቅ የዘር ውርስ (የጂን) ምርመራ ታሰበ። ተመራማሪዎቹ ግን ደም ከመውሰዳቸው በፊት ማኅበረሰቡን ጠየቁ። የሰዉ ትልቅ ስጋት መርፌው አልነበረም። በሽታው «በዘር ነው» ከተባለ ቤተሰቡ ሁሉ ይገለላል፣ ልጆቹን የሚያገባ ይጠፋል የሚል ነበር። ስለ ጥናቱ የሚነገርበት መንገድ ይህን ስጋት ይዞ መቀረጽ ነበረበት። ከማኅበረሰቡ የሰሙት በ2009 ታተመ፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ማኅበረሰቡን በአጭር ጊዜ የመጠየቁ ዘዴም በኢትዮጵያ ለሌሎች ጥናቶች አገልግሏል። ተማሪዎ ፕሮፖዛል ሲያቀርብልዎ «እዚያ አካባቢ ሰው ምን ይፈራል?» ብለው ይጠይቁት። መልስ ከሌለው ገና ለመስክ አልደረሰም።

ጥሬ ዳታውን አለማየት

ከሁሉም ስህተት ከባዱ ይህ ይመስለኛል። አማካሪው የሚያየው ሰንጠረዡን ነው፣ ግራፉን ነው፣ የመጨረሻውን ረቂቅ ነው። ከዚያ በታች ያለውን ማንም አያይም።

በአሜሪካው የምርምር ተቋም በቤል ላብስ ይሠራ የነበረው የፊዚክስ ተመራማሪ የጃን ሄንድሪክ ሾን ግራፎች የተለያዩ ሙከራዎች ውጤት ናቸው ቢባልም አንድ ዓይነት ሆነው ተገኙ። በ2002 አጣሪ ኮሚቴ ጥሬ ዳታውን ሲጠይቀው ኮምፒውተሬ ቦታ ስላልነበረው አጥፍቼዋለሁ አለ። በአግባቡ የተያዘ የላብራቶሪ ደብተርም አልነበረውም። ከታዋቂ ሳይንቲስቶች ጋር እየሠራ፣ ዋና ዋና ውጤቶቹን ሲያገኝ ከመካከላቸው አብሮት ሆኖ ያየ አልነበረም።

የፍራንሰስ አርኖልድ ነገር ደግሞ ለአማካሪዎች በቀጥታ ይናገራል። በ2018 በኬሚስትሪ የኖቤል ተሸላሚ ናት። በ2019 የታተመ አንድ ጽሑፏን ሌሎች ሲሞክሩት ሊደግሙት አልቻሉም። የመጀመሪያው ጸሐፊ ደብተር ሲመረመር ለቁልፍ ሙከራዎች በጊዜው የተጻፈ ማስታወሻና ጥሬ ዳታ ጎድሎ ተገኘ። በጥር 2020 ጽሑፉ እንዲሰረዝ አደረገች። በይፋም ጽሑፉ ሲላክ ሥራ በዝቶባት እንደነበርና ኃላፊነቷን በደንብ እንዳልተወጣች ተናገረች። ጥፋቱን በተማሪ ላይ አላላከከችም። ወጣት ተመራማሪ ሊያየው የሚገባው አማካሪ እንዲህ ያለ ነው።

እኛ ጋር ያለው አደጋ ብዙ ጊዜ ከላብራቶሪ ይልቅ መስክ ላይ ነው። ዳታ ሰብሳቢው ቤት ለቤት መዞሩን ትቶ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ መጠይቁን ይሞላዋል። ይህ እንዳይሆን ማድረግ ይቻላል። ከተሞሉት መጠይቆች ጥቂቱን በዕጣ መርጦ ወደነዚያው ቤቶች መመለስና ሁለት ሦስት ጥያቄ እንደገና መጠየቅ ነው። የመሙያ ሰዓቱን ማየትም ይረዳል። ዳታው በአንድ ሰው ፍላሽ ላይ ብቻ መቀመጥ የለበትም። ተማሪው ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ዋናውን ፋይል ማንም እንደማይነካው፣ ማስተካከያ ሁሉ በሌላ ቅጂ ላይ እንደሚሠራና እንደሚመዘገብ ይወቅ። በሳምንት አንዴ ደብተሩን ከፍቶ ማየት ግማሽ ሰዓት አይወስድም።

የወንጀለኛ ታሪክ ብቻ ማውራት

የትልልቅ ቅሌቶች ታሪክ ተማሪውን ያስደነግጣል። ግን «እኔ እንደሱ አይደለሁም» ብሎ ያልፈዋል። ወጣቱን የሚያሰናክለው ትንሹ ነገር ነው። ያልተመቸችውን አንድ ቁጥር መጣል፣ ውጤቱ እስኪያምር ትንታኔውን መለዋወጥ፣ ያላነበቡትን ጽሑፍ መጥቀስ። ስለነዚህ በግልጽ እናውራ።

ስህተትንና ማጭበርበርንም እንለይላቸው። ጂኦፍሪ ቻንግ የተባለው ተመራማሪ የሚጠቀምበት ሶፍትዌር ሁለት የዳታ ዓምዶችን አቀያይሮበት የፕሮቲን ቅርጾቹ ተገልብጠው ወጥተዋል። በ2006 መጨረሻ ስህተቱ ሲታወቅ ማረም ጀመረ፤ በአጠቃላይ 5 ጽሑፎች ተሰረዙ። ማጭበርበር አልነበረም። ተማሪ ስህተቱን ሲናገር የምንቆጣው ከሆነ የሚቀጥለውን ይደብቀናል።

የደራሲነትን ጉዳይ እስከ መጨረሻ ማቆየት

ዶክተር ወይም ፕሮፌሰር የሚባል ሰው ስሙ ከጽሑፉ ደራሲዎች ጋር እንዲገባ ሲፈልግ ተማሪው እምቢ ለማለት ይቸግረዋል። አክብሮቱ አለ፣ ውጤትና የድጋፍ ደብዳቤም በእሱ እጅ ነው። የመምህሩ የማዕረግ ዕድገት በኅትመት ስለሚለካ ግፊቱ ከሁለቱም ወገን ነው። የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ 4 መስፈርት አስቀምጧል። በጥናቱ ሐሳብ፣ ዕቅድ ወይም ዳታ ላይ ጉልህ ድርሻ፤ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በይዘቱ ላይ ጠለቅ ያለ እርማት መስጠት፤ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፤ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። አራቱም መሟላት አለባቸው። ገንዘብ ማምጣት ወይም የክፍሉ ኃላፊ መሆን ብቻውን አያስገባም። ውይይቱን መክፈት ያለበት አማካሪው ነው፤ ያውም ፕሮፖዛሉ ሲጻፍ። አንድ ገጽ ላይ ማን ምን እንደሚሠራ ይጻፍ፤ ሥራው ሲቀየር ይስተካከል።

በነገራችን ላይ ቻትጂፒቲ ደራሲ ሊሆን አይችልም፤ ተጠያቂ አይሆንምና። ተማሪው ከተጠቀመበት ለምን እንደተጠቀመበት ይግለጽ። የሰጠውን ማጣቀሻ ሁሉ አንድ በአንድ ከፍቶ ይመልከት፤ አንዳንድ ጊዜ የሌለ ጽሑፍ ይፈጥራል።

«ጥፋት ካያችሁ ተናገሩ» ብሎ ለማን እንደሚነገር አለማሳየት

የኔዘርላንዱ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ዲደሪክ ስታፐል ዳታ ይፈጥር ነበር። ለዶክትሬት ተማሪዎቹ «እኔ ከትምህርት ቤቶች አሰባስቤዋለሁ» እያለ ያለቀ ዳታ ይሰጣቸው ነበር። እነሱም አምነው ጻፉበት። በ2011 ያጋለጡት ሦስት ወጣት ተመራማሪዎች ናቸው። ለወራት በጥንቃቄ መረጃ ሰብስበው ነው ለክፍሉ ኃላፊ የተናገሩት። ያን ያህል ጥንቃቄ ያስፈለጋቸው የሚናገሩበት ሰው ታዋቂና ተወዳጅ አለቃ ስለነበር ነው።

የእርስዎ ተማሪ በእርስዎ ሥራ ላይ ጥያቄ ቢኖረው ወዴት ይሄዳል? የአንድ ሰው ስም፣ የቢሮ ቁጥርና ስልክ በመጀመሪያው ቀን ይስጡት። ያ ሰው የእርስዎ የበታች፣ የቅርብ ጓደኛ ወይም የጽሑፍ ተባባሪ አይሁን። ጥያቄው ስህተት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ተማሪው በውጤቱም ሆነ በድጋፍ ደብዳቤው እንደማይጎዳ በጽሑፍ ይድረሰው።