ነፋሱ ሲለዋወጥ፦ ትንሽ አውሮፕላን ሲያሳርፉ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከአዲስ አበባ ዳርቻ እስከ ቢሾፍቱ ባለው ሰማይ ከሰዓት በኋላ ያበረረ ሰው ነፋሱ ቃሉን እንደማይጠብቅ ያውቃል። በሰሜን እንጦጦ፣ በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምሥራቅ የረር ነፋሱን ይሰብሩታል፤ ፀሐይ ያጋለው የታረሰ ማሳ ደግሞ አየሩን ከሥር ወደ ላይ ይገፋዋል።

አንደኛው ስህተት ከበረራ መቆጣጠሪያ ማማው የሰሙትን ነፋስ እስከ መጨረሻው ማመን ነው። ስትወርዱ በአቃቂና በዱከም በኩል የሚነሣው ጭስ ወዴት እንደሚያዘነብል፣ ከሜዳው ዳር ያለው የነፋስ ማሳያ ጨርቅ ወዴት እንደዞረ አስተያዩ። ሁለቱ ካልተስማሙ ነፋሱ በመካከል ይለወጣልና እጃችሁ ከሞተሩ ኃይል መቆጣጠሪያ አይነሣ።

ሁለተኛውና በእኛ አገር ከሁሉ የከፋው ፍጥነትን በዓይን መለካት ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ በሳሳበት በዚህ ከፍታ ሴስና 172 የምትባለው ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን በመለኪያው 65 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው) ስታሳይ፣ በቀትር ሙቀት አየሩን የምትቀዝፈው በ75 ኖት ገደማ ነው። መሬቱ ሲሮጥበት ያየ ተማሪ ፈጠንኩ ብሎ ኃይል ይቀንሳል። ልክ በዚያ ቅጽበት የፊት ነፋሱ ከጠፋ ክንፉ የመሸከም ኃይሉን ሊያጣ ይችላል፤ ሞተሩም በሳሳው አየር ከአምስት አንድ እጅ በላይ ጉልበቱን ስላጣ ቶሎ አይደርስለትም። እባካችሁ፣ መለኪያውን እመኑ።

ለድንገተኛ ግፊት ፍጥነት መጨመር ተገቢ ነው፤ ከመጠን ማለፉ ግን ሌላ ስህተት ነው። ነፋሱ 10 ኖት ሆኖ እስከ 20 የሚደርስ ከሆነ የልዩነቱን ግማሽ፣ 5 ኖት ጨምሩ። ከዚያ ያለፈው አውሮፕላኑን አንሳፍፎ ማኮብኮቢያውን ይጨርስባችኋል።

ጎማ መሬት ሲነካ መሪውን መልቀቅም አለ። ከጎን በ45 ዲግሪ የመጣ 20 ኖት ነፋስ ወደ 14 ኖት የሚጠጋ የጎን ግፊት አለው፤ ሴስና 172 በሙከራ በረራ ስታርፍ የታየው ከፍተኛው የጎን ነፋስ 15 ኖት ነው። ፍጥነቱ ሲቀንስ መሪው ስለሚደክም፣ ወደ ነፋሱ ያዘነበላችሁትን መሪ ቀስ በቀስ እስከ ጥግ ጨምሩበት እንጂ አትመልሱት። አለበለዚያ ነፋሱ የሚመጣበት ክንፍ ይነሣል።

የመጨረሻው፣ ወደ ማኮብኮቢያው ስትወርዱ ካልተረጋጋ አቀራረብ ጋር መሟገት ነው። አውሮፕላኑ ከመስመሩ ከወጣ ሙሉ ኃይል ሰጥታችሁ ተመልሳችሁ ውጡ። በክረምት የነጎድጓድ ደመና ወደ ሜዳው ከተጠጋ ግን ዳግም አትሞክሩ፤ ከሥሩ የሚወርደውን አየር ትንሽ ሞተር አያሸንፈውም። ነዳጅ ካላችሁ ራቅ ብላችሁ ጠብቁ፤ አንዱ ደመና አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልፋል።