ሱዶ ፒፕ ተዉ አቦ፣ ፒፕኤክስ አለላችሁ

ሰሞኑን እዚህ ድሬዳዋ አንድ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ላፕቶፑን ይዞ ከዚራ መጣልኝ። ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ሲስተም ነው የሚጠቀመው። ቪዲዮ ማውረጃውን ዋይቲ ዲኤልፒን በፒፕ (በፓይተን ቋንቋ የተሠሩ ፕሮግራሞች መጫኛ) ሊጭን ሲል "ኤክስተርናሊ ማኔጅድ" የሚል ስህተት ወጣበት። ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ያገኘው መፍትሄ ፊቱ ላይ ሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያዝ ትእዛዝ)፣ ኋላው ላይ ደግሞ "ብሬክ ሲስተም ፓኬጅስ" የሚል ነገር ጨምሮ መጫን ነበር። እስቲ ስሙን አንብቡት፣ የሲስተሙን ፓኬጅ ስበር ነው የሚለው!

ያ ስህተት እንቅፋት አይደለም፣ ጠባቂ ነው። ኡቡንቱ ራሱ ብዙ ሥራውን የሚሠራው በፓይተን ነው። እናንተ በሱዶ አንድ ፓኬጅ ቀይራችሁ ስትጭኑ እሱ የሚፈልገው ሌላ ቨርዥን ከሆነ፣ የእናንተ መሣሪያ ይሠራና የኮምፒውተሩ ይበላሻል። ለዚህ ነው ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኡቡንቱም፣ እሱ የተሠራበት ዴቢያንም በሩን የዘጉት።

ትክክለኛው መንገድ ፒፕኤክስ ነው። ለእያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን ክፍል ይሠራለታል፣ አንዱ ከሌላው ጋር አይጋጭም፣ የሲስተሙንም አይነካም። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የምጽፋቸው፤ ተርሚናል ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ሁሉንም በትንንሹ ጻፉ።

መጀመሪያ "ሱዶ አፕት ኢንስቶል ፒፕኤክስ"። ሱዶ የምታስፈልገው እዚህ ጋ ብቻ ነች። ቀጥሎ "ፒፕኤክስ ኢንሹርፓዝ"። ከዚያ ተርሚናሉን ዝጉና አዲስ ክፈቱ። ይቺን መዝጋት እንዳትዘሏት! ብዙ ሰው መሣሪያውን በትክክል ጭኖ "ኮማንድ ኖት ፋውንድ" ሲለው አልተጫነም ብሎ በከንቱ ደጋግሞ ለመጫን ይሞክራል። መሣሪያው እኮ ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ፣ ነጥብ ሎካል ሥር ያለው ቢን ውስጥ ቁጭ ብሏል። ተርሚናሉ እዚያ ሄዶ እንዲፈልግ የሚነግረው ኢንሹርፓዝ ነው፣ የሚሰማውም እንደ አዲስ ሲከፈት ነው።

አሁን "ፒፕኤክስ ኢንስቶል" ብላችሁ የመሣሪያውን ስም ጻፉ። ከመጻፋችሁ በፊት ግን የመሣሪያውን የራሱን ገጽ ክፈቱና ስሙን ፊደል በፊደል አመሳክሩ። በአንድ ፊደል ብቻ የሚለይ ስም ይዘው የሚጠብቁ ሌቦች አሉ፣ ይሄን በጣም ነው የምለው። ሲያልቅ የመሣሪያውን ስም ጽፋችሁ ሁለት ሰረዝና "ቨርዥን" ጨምሩ። ቁጥር ካወጣ ጨርሳችኋል። የሳቢያኑ ልጅ ቁጥሩን ሲያይ ፊቱ እንዴት እንደበራ!

ለማደስ "ፒፕኤክስ አፕግሬድ ኦል" (አፕግሬድና ኦልን በሰረዝ አያይዙ)፣ ለማጥፋት "ፒፕኤክስ አንኢንስቶል" ብላችሁ የመሣሪያውን ስም። አንዴ ብቻ ለሚያስፈልጋችሁ ነገር "ፒፕኤክስ ራን" በቂ ነው። "ሪኩዌስትስ"ን የመሰለ ኮዳችሁ ውስጥ የምትጠሩት ላይብረሪ ግን እዚህ ቦታ የለውም፣ ለሱ ፕሮጀክታችሁ ውስጥ ቬንቭ (ለፕሮጀክቱ ብቻ የተለየ የፓይተን ክፍል) ሥሩ።

የጃቫስክሪፕት መሣሪያዎች መጫኛው ኤንፒኤም ላይም ነገሩ ያው ነው። በሰረዝ ጂ ስትጭኑ ፈቃድ የለህም ካላችሁ ወደ ሱዶ አትሩጡ፣ ኤንፒኤም የሚሠራበትን ኖድን፣ ኤንቪኤም በሚባለው የኖድ መጫኛ አማካኝነት ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ጫኑት።

የራስት ቋንቋ መሣሪያዎች መጫኛው ካርጎ ትንሽ ይለያል። "ካርጎ ኢንስቶል" ኮዱን አውርዶ እናንተው ማሽን ላይ ነው የሚገነባው፣ ትልቅ መሣሪያ ከሆነ ረጅም ደቂቃ ሲፒዩውን ሙሉ በሙሉ ይይዘዋል። በድሬ የቀትር ሙቀት ይሄን አትሞክሩት። እኔ ማለዳ፣ አየሩ ሳይግል፣ ባትሪዬን ሞልቼ ነው የምጀምረው። መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ መሃል ላይ ቢዘጋ ያወረደው ኮድ ስለሚቀመጥ ዳታችሁ አይባክንም፣ ግንባታው ግን ከዜሮ ይጀምራል። እሱንም ለማዳን "ካርጎ ታርጌት ዲር" የሚባለውን የተርሚናል ተለዋዋጭ (ቫሪያብል)፣ ቃላቱን በትልልቅ ፊደልና በታች ሰረዝ አያይዛችሁ፣ ወደ አንድ ቋሚ ፎልደር አመልክቱት። ያኔ ካቆመበት ይቀጥላል።