ድንኳን ሳንተክል ለቅሶ እንዴት እንድረስ?

ግንቦት 2012 ሲያልቅ የሰፈራችን ጡሩምባ ነፊ ሥራ ከፈታ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። ሰው መሞት አቁሞ አይደለም። ጡሩምባው ሲሰማ ሰው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግልብጥ ብሎ ስለሚወጣ ነው። በዚያ በኮሮና ዓመት የምንፈራው ደግሞ እሱኑ ነበር።

እኔ ጉለሌ ውስጥ የአንድ ሰፈር ዕድር ጸሐፊ ነኝ። ከዚያ በፊት 11 ዓመት ዕቃ ቤቱን ይዣለሁ። የትኛው ድስት ጆሮው እንደወለቀ፣ የትኛው አግዳሚ ሰው እንደሚጥል እኔን ጠይቁ። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ከተነገረ ወዲህ፣ እስከ ግንቦት 2012 ማለቂያ ድረስ፣ ሦስት ለቅሶ ገጥሞናል። አንዱም በኮሮና አይደለም። የመጀመሪያውን አበላሸነው። ሁለተኛውን በሌላ መንገድ አበላሸነው። ሦስተኛው ላይ ነው ትንሽ የገባን። የሌላ ሰፈር ዕድሮች እየደወሉ «እናንተ እንዴት አደረጋችሁ?» ስለሚሉኝ ጻፍኩት።

የመጀመሪያው ለቅሶ ሲገጥመን ስብሰባ ጠራን። ስለ መሰብሰብ አደጋ ለመነጋገር 60 ሰው አንዲት ጠባብ አዳራሽ ውስጥ ታጨቀ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል። አንዱ «ይኼ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ የኛን ፀሐይ አይችልም» አለ። ሌላው «መጀመሪያ አየር መንገዱ የቻይና በረራውን ያቁም፤ ከዚያ ስለ ድንኳን እናወራለን» አለ። ስለ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ብቻ ግማሽ ሰዓት ሄደ። በመጨረሻ አንድ አዛውንት ተነሡ። «እኔ ዕድር የገባሁት ብቻዬን እንዳልቀበር ነው። 32 ዓመት የከፈልኩት ለዚህ ነው» ብለው ተቀመጡ። መልስ ያለው ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ድንኳኑ ጎንና ጎኑ ተገልጦ እንዲተከል ተስማማን። ሰው መጣ፤ ተቃቅፎ አለቀሰ። አንድ ጆግ ውሃ ከሁለት ብርጭቆ ጋር ሦስት ቀን ሙሉ ዞረ። ከዚያ 14 ቀን እየቆጠርን ተቀመጥን። ማንም አልታመመም። የባሰው ይኼ ሆነ። «አየሽ? ምን ሆንን?» ይሉኝ ጀመር። ዕድል እንደሆነ ማን ያስረዳቸው? ክርክሩን የቆረጠልን መጋቢት 30 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ መጨባበጥም እንዲሁ።

ሰው ሳይሞት የሚሠራ ሥራ

መዝገባችሁን ዛሬውኑ አውጡ። የእኛ መዝገብ ላይ ግማሹ ስልክ የማይሠራ ነበር። የሁለት ሟቾች ስልክም ተገኝቶበታል። ለእያንዳንዱ ቤት ሦስት ቁጥር ያዙ፦ የአባሉን፣ አብሮት የሚኖር ሰው፣ የቅርብ ጎረቤት። ከዚያ አባላቱን አሥር አሥር አድርጋችሁ ለእያንዳንዱ አሥር አንድ ደዋይ መድቡ። ጡሩምባውን የሚተካው ይኼ ነው። እኛ 14 ደዋይ አለን። በ20 ደቂቃ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ስልክ የሌላቸው እናቶች ቤት ደዋዩ ሄዶ በሩን ያንኳኳል፤ ራቅ ብሎ ቆሞ ይናገራል።

ደዋዩ የሚናገረውን በወረቀት ጻፉለት። ማን እንደሞተ፣ ቀብሩ የትና ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ቤተሰቡን ለማስተዛዘን ተራው መቼ እንደሆነ። ሌላ ወሬ አይጨምር። የእኛ አንዱ ደዋይ በየቤቱ ግማሽ ሰዓት እያወራ አራተኛው ሰው ጋ ሲደርስ ቀብሩ አልቆ ነበር።

መርዶ ግን ሌላ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም። ይኼን ማንም አያስለውጠኝ። ድሮ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በጠዋት ይሄዱ ነበር። አሁን ሁለት ሰው ይበቃል፤ ማስክ አድርጎ፣ ግቢው ውስጥ ቆሞ። ከመሄዳችሁ በፊት እዚያው ቤት ከሚኖሩት አንዱን አስቀድማችሁ በስልክ ወደ ውጭ ጠርታችሁ ንገሩት። እሱ መርዶው ከሚነገራት ሴት ጎን ይቀመጥ። መርዶው ሲነገር ሴትየዋ ልትወድቅ ትችላለች፤ የሚደግፋት ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ከውጭ የመጣ መሆን የለበትም። አብሯት የሚያድር፣ አብሯት የሚበላ ሰው ቀድሞውንም አንድ ትንፋሽ ነው የሚተነፍሰው። ይኼን ነገር ያገኘነው ሦስተኛው ለቅሶ ላይ ነው። ለለቅሶውም ሁሉ ያው ነው፤ አቃፊው ከቤቱ ይመደብ።

ገንዘቡ

የድንኳኑን፣ የንፍሮውንና የወጡን ወጪ ደምራችሁ በጥሬ ብር ለቤተሰቡ ስጡ። በዚያው ቀን ይድረስ። ሁለት ሰው በፖስታ ይውሰደው፤ አስፈራሚው የራሱን እስክሪብቶ ለቤተሰቡ አያውስ። ይኼን ለማድረግ ግን መተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ ማሻሻያ ያስፈልጋችኋል። እኛ ስብሰባ ስለማይቻል ቃለ ጉባኤውን ይዘን ከቤት ቤት ዞረን አስፈረምን። አራት ቀን ፈጀብን፤ ጫማዬ አለቀ። ካልተፈረመ ግን ነገ ኦዲት ሲመጣ ገንዘብ ያዡ ነው የሚጠየቀው።

በሩ ላይ

ሳኒታይዘር አትፈልጉ። ከመጣም በሁለት ቀን ያልቃል። ሳሙናና ውሃ ይበልጠዋል። ባለ ቧንቧ ጀሪካን አግዳሚ ላይ አስቀምጡ፤ ከሥሩ ባልዲ ይሁን። ቧንቧውን በቀጭኑ ክፈቱት። በእኛ በር 20 ሊትሩ 40 ሰው ያህል አስታጥቧል። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ፈረቃችሁን ዕወቁ፤ የዕድሩን በርሜል ሁልጊዜ ሙሉ አድርጉ። ለቅሶ ፈረቃ አይጠብቅም።

20 ሰከንድ ስንት ነው ለሚሉ፣ «አባታችን ሆይ»ን ቶሎ ሳይሉ እስከ መጨረሻው ማለት ይበቃል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ፋቲሃ ይላሉ። እጅ ሲታሸት ነው ታዲያ፤ እጅን ውሃ ሥር ይዞ መጸለይ አይደለም።

አንዱ አባላችን «አረቄ አለኝ፤ እሱን እንርጭ» ብሎ ጠርሙስ ይዞ መጣ። አመስግነን መለስነው። እጅ ለማጽዳት አልኮሉ ቢያንስ 60 በመቶ መሆን አለበት፤ አረቄ እዚያ አይደርስም። ጠርሙሱን ይዞ ሲመለስ ብዙ ያዘነም አልመሰለኝ።

ወንበርና የበር እጀታ በበረኪና ይጠረጋል። አንድ ኩባያ በረኪና በዘጠኝ ኩባያ ውሃ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ያሳየችን እንዲህ ነው። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ፤ ያደረ ኃይሉ ይቀንሳል። ከአሲድም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር በጭራሽ አታደባልቁት፤ የሚወጣው ጭስ ሳንባ ያቃጥላል። ለእጅ አይደለም፤ ሰው ላይም አትርጩ። አንዱ ዕድር በር ላይ ለቀስተኛውን ሁሉ እንደ ቲማቲም ሲረጭ አይቻለሁ።

ተራ

አራት አራት ሰው፤ 15 ደቂቃ። ግቢ ውስጥ፣ ክፍት ቦታ ላይ። ወንበሮቹ በሁለት የአዋቂ እርምጃ ይራራቁ። ቦታቸውን በኖራ ምልክት አድርጉ፤ አለዚያ ሰው ሲያወራ ወንበሩን እየጎተተ ይጠጋል። ይኼ ክፋት አይደለም፤ ልማድ ነው።

ተራ አስከባሪ ወጣት አታድርጉ። ጎረምሳ ልጅ እትዬን «ይበቃዎታል፤ ይነሡ» ማለት አይችልም። እኛ ጉልት የምትቸረችረውን ሴትዮ አደረግን። ሰፈሩ ሁሉ ይፈራታል፤ ግማሹ ዱቤ አለበት። አንድ ጊዜ ጉሮሮዋን ከጠረገች አራቱም ይነሣሉ።

ሰላምታውን በተመለከተ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። ክርንን ከክርን ማጋጨት ለለቅሶ አይሆንም፤ ጨዋታ ይመስላል። እጅ መንሣት የእኛው ነው። ጎንበስ ብሎ፣ ቀኝ እጅን ደረት ላይ አድርጎ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ማለት። ሽማግሌዎቹ ወዲያው ተቀበሉት። የተቸገሩት እኛ ጎልማሶቹ ነን፤ ጉንጭ መሳም ለምዶብናል።

ንፍሮው አልቀረም። ግን በሰፌድ አይዞርም። ቤተሰቡ ውስጥ ያለ ሰው ብቻ ቀቅሎ በወረቀት ጠቅልሎ ያስቀምጣል፤ ሰው ሲወጣ ይዞ ይሄዳል። ቡና የሚጠጣ ሲኒውን ከቤቱ ይዞ ይምጣ። መጀመሪያ እንደ ስድብ ቆጠሩት። አሁን ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይመጣሉ።

ቀብር ላይ የቅርብ ቤተሰብና አገልጋዮች ብቻ ይሁኑ። በ2012 ታክሲ በግማሽ ጭኖ ዋጋውን እጥፍ ያስከፍል ነበር፤ ከሩቅ የሚመጣውን ዘመድ በስልክ አስቀሩት። ቅር አይለውም፤ አንዳንዱ እንዲያውም ይህን ስልክ ሲጠብቅ ነበር።

«በኮሮና ነው አሉ»

ሁለተኛው ለቅሶ ከፋሲካ በኋላ ነበር። ሰውዬው ስኳር ነበረባቸው፤ ሁላችንም እናውቃለን። ሆኖም አንዱ «ሲያስሉ ሰምቻለሁ» አለ። ተራ የደረሳቸው ሰዎች አልመጡም። ኖራ የቀባሁባቸው ቦታዎች ባዶ ዋሉ። የሟቹ ልጅ ሱቅ ሄዳ ስኳር የሚሸጥላት አጣች። ወንበር ላይ ብቻዬን ተቀምጬ አመሸሁ። ያ አዛውንት የተናገሩት ትዝ አለኝ። ብቻውን ላለመቅረት የከፈለ ሰው ብቻውን ቀረ።

ስለዚህ ከዚያ ወዲህ እንዲህ እናደርጋለን። ቤተሰቡን አስፈቅደን የሞቱን ምክንያት ደዋዩ በሚያነበው ወረቀት ላይ እንጽፋለን። ቤተሰቡ አይነገር ካለ አይነገርም። ከአስከሬን ናሙና ከተወሰደ ውጤቱን ጠብቁ። ያኔ የጤና ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ ያወጡት በነበረው ሪፖርት ላይ ከአስከሬን ምርመራ የተገኙም ነበሩበት። ናሙና መወሰድ ፍርድ አይደለም። ውጤቱ ኮሮና ከሆነም ቀብሩን የጤና ሰዎች በሚሉት መንገድ ፈጽሙ፤ በ2012 ለዚህ የሚደወልበት የጤና መስመር 8335 ነበር። ቤተሰቡ ለብቻው ሲቀመጥ እንጀራና ውሃ በር ላይ አስቀምጡ፤ አንኳኩ፤ ራቁ። ከመንገድ ማዶ ሆናችሁም ቢሆን ድምፃችሁን አሰሙ።

ከሦስተኛው ቀን በኋላ

ድሮ ሰው ድንኳን ውስጥ እያደረ ካርታ ይጫወት ነበር። እንደ ዋዛ ይታይ ነበር እንጂ ሐዘንተኛውን ከለሊቱ የሚያሻግረው እሱ ነበር። አሁን ቤቱ በምሽት ጭር ይላል። ስለዚህ እስከ አርባው ድረስ የስልክ ተራ አውጥተናል። በየምሽቱ አንድ አባል፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይደውላል። ምን ልበል ለሚል፦ «ምን በላችሁ?» ብሎ መጀመር ነው። ቀሪው ራሱ ይመጣል።

የሦስተኛዋ ሟች ልጅ ቤሩት ነው የምትሠራው። መምጣት አልቻለችም። ቀብሩን በኢሞ አሳየናት። የያዘው ልጅ እጁ እየተንቀጠቀጠ ግማሹን ሰማይ ነው ያሳያት። ስልክ ለመያዝ ከቤተሰቡ ያልሆነ፣ ልቡ ጠንከር ያለ ሰው መድቡ። ካርዱንም ዕድሩ ይሙላ።

የቀሪ ቅጣትን በተመለከተ ብዙ ተጨቃጭቀናል። «ራሳችሁ አትምጡ እያላችሁ እንዴት ትቀጣላችሁ?» አሉን። ትክክል ናቸው፤ ላልመጣ ቅጣት አነሣን። በተራው ቀን ስልክ ያልደወለ ግን 20 ብር ይከፍላል። እስካሁን የከፈለው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም የዕድሩ ዳኛ ነው።